ከደንቡ ያስቀረሁት አንቀጽ

መሐል ሜዳ የሂሳብ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ዲሽ ወደ ከተማዋ በገባ ሰሞን ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ አንድ ሻይ ቤት ጣሪያው ላይ ሰሃን ተከለና የአውሮፓ ክለቦች ውድድር ባለ ቁጥር ከተማው ተጠራርቶ እዚያ ይታጨቃል። አግዳሚው ሲሞላ የቀረው ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል። ሌላው የሚያየው ኳሱን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ኳሱ አልነበረም፤ ውድድሩ የሚመራበት ሥርዓት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከየአገሩ ያሸነፉ ክለቦች ይሰበሰባሉ። የትናንሽ አገሮች ክለቦች ገና በእኛ ክረምት ማጣሪያ ይጀምራሉ፤ የትልልቆቹ አገሮች ክለቦች ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል። ማጣሪያው ሲያልቅ ሁሉም ባለፉት ዓመታት ውጤታቸው ተመዝነው በአራት ቋት ይከፈላሉ። ከየቋቱ አንድ አንድ በዕጣ እየወጣ አራት አራት ሆነው ይመደባሉ። በምድቡ ውስጥ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በሰው ሜዳ። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ጥሎ ማለፍ ነው፤ እሱም ደርሶ መልስ። ምድቡን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ የመልሱን ጨዋታ በሜዳው ያደርጋል። የሁለቱ ጨዋታ ውጤት ተደምሮ እኩል ከመጣ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል። ፍጻሜው ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ በተመረጠ ሜዳ።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ስረዳው እንደ ጥሩ የሂሳብ ማረጋገጫ ታየኝ። የሚተርፍ የለውም፣ የሚጎድል የለውም። በእኛ ዘንድ ግን ሁለት ቡድን ይቀጣጠሩና አንዱ አይመጣም። ወይ ለቅሶ ነበር፣ ወይ ዝክር ነበር፣ ወይ በግ ጠፍቶ ፍለጋ ወጥተው ነበር። የመጣው ቡድን ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ተጫውቶ ይበተናል። ወጣት ነበርኩና ይህ ነገር ያበሳጨኝ ነበር።

አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የውድድሩን ደንብ ከኢንተርኔት ቤት በእንግሊዝኛ እንዳለ አሳትሞ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከልኝ። ወፍራም ወረቀት ነበር። ክረምቱን ሙሉ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ወደ አማርኛ መለስኩት። ለእኛ የማይሆነውን እየዘለልኩ ነበር የምሄደው። ስለ ቴሌቪዥን መብት የሚለውን ተውኩ። ስለ ማስታወቂያ፣ ስለ ሜዳ መብራት፣ ስለ እንግዶች ወንበር የሚለውን ተውኩ። ከዚያ አንድ አጭር አንቀጽ ላይ ደረስኩ። አንድ ቡድን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሜዳ መድረስ ካልቻለ ጨዋታው በሌላ ቀን ይደረጋል፣ ቅጣትም የለበትም ይላል።

እሱንም ተውኩት። እንዴት እንደተውኩት ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ ይታየኛል። እርሳሴን አንስቼ ትንሽ አሰብኩ፣ ሳቅሁም መሰለኝ። ይህን አንቀጽ መንዝ ውስጥ ካስገባሁት ከአቅም በላይ ያልሆነ ምን ምክንያት ይቀራል ብዬ ነው። በእንግሊዝኛው ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አጋደምኩበትና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

በጥቅምት ከወረዳው የስፖርት ባለሙያ ጋር ተመካከርን። እሱ ቅን ሰው ነበር፤ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አድርጎ “አንተ ካመንክበት እኔ ምን ቸገረኝ” አለኝ። ስምንት ቡድን ተመዘገበ። ሁለቱ ከመሐል ሜዳ ናቸው፤ አንዱ ከዘመሮ፤ አንዱ በጭነት መኪና ተጭኖ የሚመጣ የራቤል ቡድን፤ የቀሩት ከዙሪያው ቀበሌዎች። አንደኛው ግን ከሁሉም ይለያል። ገደሉ ተወርዶ፣ ወንዙ ታልፎ፣ ወደ መርሐቤቴ በሚያደርሰው ዳር ላይ ካለች መንደር የሚመጣ ነው። እኛ “ቆለኞቹ” እንላቸው ነበር። ወደ እኛ ለመምጣት መኪና የላቸውም፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው አቀበት ብቻውን ሦስት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል።

ዕጣውን ያወጣነው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። አራት ባዶ የቲማቲም ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቋት አንድ፣ ቋት ሁለት እያልኩ ጻፍኩባቸው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ወረቀቱን እያወጡ ሰጡኝ፤ እኔ እያነበብኩ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማ ነበር። ካህናቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁዳዴ ጨዋታ እንዳይኖር። ስለዚህ ምድቡ ከጥምቀት በኋላ ተጀምሮ ጾሙ ሳይገባ አለቀ፤ ግማሽ ፍጻሜው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ፍጻሜው በግንቦት ሃያ በዓል መሐል ሜዳ ላይ ሊደረግ ተወሰነ። ምናልባት ጨዋታ የሚደገም ከሆነ ብዬ ከፍጻሜው በፊት አንድ እሑድ ባዶ አድርጌ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ባዶ እሑድ ነበረኝ።

ውድድሩ ማንም ካሰበው በላይ ሰመረ። በተባለው ሰዓት ቡድን ይመጣል፣ በተባለው ሰዓት ፊሽካ ይነፋል። አንድ ጊዜ የዘመሮ ልጆች ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይተው እየሮጡ ሲደርሱ ሰው አጨበጨበ። ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ ፎርፌ እንደሚሆን፣ ሦስት ለባዶ እንደሚጻፍ ሁሉም ያውቅ ነበር። ገበያ ላይ ሴቶች ሳይቀሩ “ሠላሳ ደቂቃህ አለፈ” ተባብለው ሲቀላለዱ እሰማለሁ። ኮራሁ።

ከመሐል ሜዳ ቡድኖች አንዱ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ቆለኞቹ በሌላው ምድብ ሁለተኛ ሆነው አለፉ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ እነዚህ ሁለቱ ተገናኙ፤ በደንቡ መሠረት የመጀመሪያው ጨዋታ ቆላ፣ የመልሱ መሐል ሜዳ ሆነ።

ለመጀመሪያው ጨዋታ ኮሚሽነር፣ ማለትም የበላይ ታዛቢ፣ ሆኜ የወረድኩት እኔ ነኝ። ማደሪያ የተሰጠኝ በበረኛቸው ቤት ነው። ከቡድኑ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ይሆነዋል፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ውትድርና ላይ በነበረ ጊዜ በካምፕ ውስጥ ነው በረኛነትን የተማረው። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። እግሬን ያጠበኝ ራሱ ነው። እንቢ ስለው “እንግዳ አይደለህ?” አለና ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አምጥቶ ጎንበስ አለ። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መምህር” አለኝ ተረከዜን እያሸ። “በሰው ሜዳ የገባ ጎል ለምንድን ነው የሚበልጠው?”

“ሄዶ ያገባ ሰው የበለጠ ለፍቷል ተብሎ ነው።”

“እናንተ ወደ እኛ ስትመጡ ቁልቁለት ነው። እኛ ወደ እናንተ ስንመጣ አቀበት ነው። እሱስ የት ላይ ተጻፈ?”

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ፈረንጆቹ በአውሮፕላን ስለሚሄዱ አቀበት አያውቁም አልኩት። እሱም ፈገግ አለና “በጦር ሜዳም ይህን ያህል ደንብ አላየሁም፤ ግን ደስ ይላል። ሁሉም ነገር ቀድሞ ይታወቃል” አለ። የጤፍ እንጀራ በዶሮ በላን፤ ትንሿ ልጁ እያየችኝ እናቷ ጀርባ ትደበቅ ነበር።

በማግስቱ ቆለኞቹ ሁለት ለአንድ አሸነፉ። እሱ ኳሱ ወደ ሌላኛው ጎል ሲሄድ ቋሚውን በተረከዙ ኳ፣ ኳ ያደርግ ነበር። ቋሚው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማኛል። ለምን እንደሚያደርገው አልጠየቅሁትም።

ከመልሱ ጨዋታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ለታ፣ አምበላቸው ወደ መሐል ሜዳ መጣ። እሱ የመንደሯ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ክፍል ጨርሼ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

“የእሑዱን ጨዋታ በአንድ ሳምንት ግፋልን” አለኝ።

“ለምን?”

“ወንዙ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ሞልቷል። እናንተ ጋ ሲዘንብ እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ውሃው ሳናስበው ነው የሚመጣብን። ዛሬም ሲጎድል ጠብቄ ነው የተሻገርኩት።”

“ቅዳሜ ውጡና እዚህ እደሩ። ማደሪያ እኔ አዘጋጃለሁ።”

“ቅዳሜ ከጎደለ እንወጣለን። ካልጎደለስ?”

ደንቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መልሱን ሳላነብ አውቀዋለሁ፤ ግን አወጣሁት። “የቀን ለውጥ የሚፈልግ ቡድን ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ ያመለክታል ይላል። የቀረን ሦስት ቀን ነው።”

“ወንዙ እኮ ከሰባት ቀን በፊት አይነግረኝም።”

“ለእናንተ ከፈቀድኩ ለሁሉም መፍቀድ አለብኝ። ነገ ዘመሮዎች ይመጡና ለቅሶ አለብን ይሉኛል።”

“ብንዘገይስ?” አለ።

“ሠላሳ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የምችለው ነገር የለም።”

“እሺ። እንመጣለን” አለና እጄን ጨብጦ ሄደ። ቁጣ አላየሁበትም። ቢቆጣ ኖሮ ምናልባት አስብበት ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ግን እንጃ።

ዓርብና ቅዳሜ ደጋው ላይ ዘነበ። እሑድ ጠዋት ሰማዩ ተገለጠ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። ሜዳው ረጥቧል፣ ግን ያጫውታል። ጨዋታው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሜዳውን ከበበ። የመሐል ሜዳ ልጆች ማሊያቸውን ለብሰው ሲያሟሙቁ ቆዩ። ቅዳሜ ማደሪያ ያዘጋጀሁላቸው ቆለኞች አልመጡም ነበር፤ ጠዋት ይደርሳሉ ብዬ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሁሉም ወደ ገደሉ አፋፍ፣ መንገዱ ብቅ ወደሚልበት ያያል። ማንም የለም። ዳኛው እኔን ያያል፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከሩብ ሆነ። ከሃያ ሆነ። የመሐል ሜዳው አምበል መጣና “ትንሽ ብንጠብቃቸውስ? አቀበት ነው እኮ” አለኝ። “እየጠበቅን አይደለም እንዴ?” አልኩት። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ራሴን ነቅንቄ ለዳኛው ምልክት ሰጠሁት። ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ጉልበቴ ላይ መዝገቡን ዘርግቼ ሦስት ለባዶ ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበት። ሰዉ አላጨበጨበም። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ወደ ቤቱ አቀና።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ከአፋፉ ብቅ አሉ። ማሊያ ለብሰዋል፤ ጫማቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለዋል። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልናገር። “አሁን ደግሞ ሊጨቃጨቁኝ ነው” ብዬ ነው ያሰብኩት። ሲቀርቡ ግን አንደኛው የሚያለቅስ መሰለኝ። ሁለተኛው መናገር አቅቶት ወደ ገደሉ በእጁ ያሳያል። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው “ማን ነው?” አሉት።

“በረኛው” አለ እንደምንም። “ውሃ ወሰደው።”

የሆነውን በኋላ ከቆለኞቹ አምበል ሰማሁት። ቅዳሜ ማታ ድረስ ወንዙ አልጎደለም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ወረዱና ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አራት ሰዓት ሲሆን ውሃው ጎደል አለ፤ ግን ገና ያስፈራል። አምበሉ ሰዓቱን እያየ ሲያሰላ ነበር። ከወንዙ እስከ መሐል ሜዳ ሦስት ሰዓት ተኩል፤ አሁን ካልገባን አንደርስም። እንግባ አሉ። በረኛው ረጅምና ጠንካራ ስለነበር መሐል ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዘ አሻገራቸው። የመጨረሻው ልጅ ወዲህ ዳር እንደደረሰ ከላይ ድምፅ ሰሙ። ደጋው ላይ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ነው። በረኛው ዞር ብሎ ወደ ላይ አየ። ከዚያ በኋላ አላዩትም። ዳር ዳሩን እየሮጡ ፈለጉት፤ ሁለቱ ሰው ሊጠሩ ወደ እኛ ወጡ።

እኔ ሜዳ ላይ ሰዓቴን እያየሁ ስቆጥር እሱ ከሞተ አራት ሰዓት ሆኖት ነበር።

ሬሳው በሁለተኛው ቀን ከወንዙ በታች፣ መታጠፊያው ላይ ተገኘ። ያገኙት የመርሐቤቴ ገበሬዎች ናቸው። በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት፤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። እኔም ከመሐል ሜዳ ልጆች ጋር ወረድኩ። ከሁሉ ኋላ ነበር የቆምኩት። ሚስቱን አየኋት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ቆማ ነበር። እንባዋ ደርቆ ነበር ወይ አልወጣ ብሏት ነበር፣ አላውቅም። ወደ እኔ አላየችም።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት ዳስ ውስጥ ተቀመጥን። የበረኛው አባት የደብሩ ገበዝ ናቸው። ሰው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

“መምህር የሚሉህ አንተ ነህ?”

“አዎ፣ አባባ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።”

“አሜን። ልጆቹ ሰዓት አለፈብን ብለን ነው የገባነው አሉኝ። ሰዓት ካለፈ ምን ይሆናሉ?”

“ይሸነፋሉ።”

“ውሃ ሞልቶም ቢሆን?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ይህን ማን ነው ያወጣው?” አሉ።

እዚያ ላይ ነው ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለው። “እኔ” ማለት ነበረብኝ። “ከፈረንጅ አገር የመጣ ደንብ ነው፤ እኔ ተረጎምኩት እንጂ” አልኳቸው።

“ፈረንጅ አገር ወንዝ የለም እንዴ?” አሉኝ።

ለመሳደብ አልነበረም፤ የእውነታቸውን ነው የጠየቁኝ። “አለ፤ ግን ድልድይ አላቸው” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሥተው ሌላ ለቀስተኛ ሊቀበሉ ሄዱ።

የመሐል ሜዳ ቡድን ሦስት ለባዶውን አልቀበልም አለ። አምበሉ መዝገቡን ከእጄ ወስዶ ገጹን አየና መለሰልኝ። ፍጻሜው ቀረ። በግንቦት ሃያ ሰልፍና ንግግር ብቻ ሆነ፤ ዋንጫው ቢሮ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ቀረ። የወቀሰኝ ሰው ግን የለም። “የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ ውሃ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ” ይሉኛል። ስለዚያች አንቀጽ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ወረቀቱ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ በእርሳስ ያጋደምኩት መስመር አለበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። በረኛው ግን አብሮኝ መጣ። በሕልሜ ሁሌም በሁለቱ ቋሚ መካከል ቆሞ ነው የማየው፤ ልብሱ እርጥብ ነው፤ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ አዙሯል፤ ብጠራውም አይዞርም። ቀን ቀን ደግሞ ድምፁ አለ። ንፋስ የግቢያችንን በር ሲያንኳኳው ኳ፣ ኳ ይላል፤ ያን ጊዜ ያለሁበትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያረፍድ በር ዘግቼ አላውቅም። ርእሰ መምህሩ ስንት ጊዜ ተናገረኝ፤ “ልጆቹን አበላሸሃቸው” ይለኛል፤ እውነቱን ነው። የአውሮፓ ክለቦች የመልስ ጨዋታ ባለበት ቀን ጎረቤት ሲንጫጫ እኔ እወጣና መንገድ ለመንገድ እዞራለሁ። ሚስቴ መጀመሪያ ሌላ ሴት ያለች መስሏት ነበር። በኋላ ነገርኳት። አንቀጿን ግን ለእሷም አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ከሥራ በሚኒባስ ስመለስ ሬዲዮው የስፖርት ዜና ያወራል። አንድ ትልቅ ጨዋታ አልተደረገም፤ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ሜዳውን ስለሸፈነው ለነገ ተላልፏል ይላል። ጋዜጠኛው በአንድ እስትንፋስ ተናግሮ ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። በዓለም ላይ ያለ ያ ሁሉ ሀብታም ክለብ፣ ያ ሁሉ ቴሌቪዥን፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በረዶ ጣለ ተብሎ ለነገ ተባለ፤ አለቀ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው “ይሻላል፣ ሰው ይሰበራል” አለ። “ወራጅ አለ” ብዬ ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩና የመንገዱ ዳር ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ዓመት በጥር ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። መሐል ሜዳ አድሬ በጠዋት ገደሉን ወረድኩ። የበረኛውን አባት ያገኘኋቸው ከቤታቸው ጓሮ አጥር ሲያጥሩ ነው። ሸብተዋል፤ ግን ጠንካራ ናቸው። ወዲያው አላወቁኝም። “መምህሩ ነኝ” ስላቸው የያዙትን እንጨት መሬት ላይ አኖሩት።

ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቱን አውጥቼ መስመር የተጋደመበትን አሳየኋቸው።

“በአማርኛ አንብበው” አሉኝ።

አነበብኩት። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሜዳ መድረስ ያልቻለ ቡድን፣ እያልኩ እስከ መጨረሻው።

“አንተ ነህ ያስቀረኸው?”

“እኔ ነኝ፣ አባባ። ፈረንጅ አይደለም። ያኔ ዋሸሁዎት።”

ዶሮዎች በመካከላችን ይጭራሉ። ከዚያ “ከዚያ ወዲህ ፈረንጆችን ስረግም ነበር የኖርኩት” አሉ፤ በምሬት ሳይሆን የተሳሳተ መንገድ እንደሄደ ሰው ነው። “ለእኔ ነገርከኝ። ለሚስቱም ትነግራታለህ። ወፍጮ ቤት ናት።”

“ይቅርታ ያደርጉልኛል?” ልላቸው ብዬ ተውኩት። እሳቸውም አልጠበቁኝም፤ እንጨታቸውን አንሥተው ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶች ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። እሷን ለይቼ አወቅኋት። ራቅ ብላ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የጤፍ ከረጢት አጠገቧ ነው። ሞተሩ ስለሚጮኽ ጎንበስ ብዬ ነበር የምነግራት። እንዴት አሳጥሬ እንደነገርኳት አላስታውስም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ያ የምትለው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ቤት ይውል ነበር?”

“አዎ።”

የከረጢቱን አፍ ፈታ መልሳ አሠረችው። “እኔ እንዳይሄድ ለምኜው ነበር” አለች። “ልጅቷም እግሩን ይዛ ነበር። ‘የተባለ ሰዓት አለ፣ መምህሩ ይጠብቀናል’ አለኝ። ወዶህ ነበር። ከሄድክ በኋላ ስለ አንተ ነበር የሚያወራው።”

ወረፋዋ ደረሰ። ከረጢቱን አንሥቼ ወደ ውስጥ ላስገባላት እጄን ዘረጋሁ። ትንሽ አየችኝና ተወችልኝ። ተሸክሜ አስገባሁት፤ እስኪፈጭ ጠብቄ እስከ ቤቷ ደጃፍ ወሰድኩላት። ግባ አላለችኝም፤ ሂድም አላለችኝም። ዱቄቱን ደጃፉ ላይ አኖርኩና “ደህና ዋይ” አልኳት። “እግዜር ይስጥልኝ” አለች፤ ለማንኛውም ሸክም ለሚያግዝ ሰው እንደሚባለው።

ሳይመሽ አፋፉ ላይ ለመድረስ ቀደም ብዬ ተነሣሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ። በጥር ነውና ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም ነበር። ጠጠሩ ይታያል፤ ትንንሽ ዓሣዎች በእግሬ መካከል ይሽሎከሎካሉ። መሐል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አየሁ፤ ድንጋይና ጸጥታ ብቻ ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ እግሬ ደንዝዞ ነበር።

አንድ ገበሬ አህዮቹን እየነዳ ከማዶ ወረደ። አህዮቹ በግራና በቀኜ አልፈው ተሻገሩ። ሰውየው አጠገቤ ሲደርስ ቆመና ውሃውን እያየ “ምን ወደቀብህ?” አለኝ።

“ምንም” አልኩት።

እሱም ሄደ።